ኮምፓስ መያዝና ኮምፓስ ማወቅ

ባለፈው ዕረፍት ከደባርቅ ተነሥተን ስሜንን ለማየት ከወጣነው ተማሪዎች ሦስታችን ኮምፓስ ይዘን ነበር። ከሳንቃበር ወደ ግጭ ስንጓዝ ከቆላው የተነሣ ጉም ሸፈነን። ኮምፓሶቻችንን ብናወጣ ሦስቱም የየራሳቸውን ሰሜን አሳዩን። አንዱ ከስልክ ጋር ተይዞ ነበር፤ ሌላው በጥቁር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ የሦስተኛው ባለቤት ደግሞ ከመርፌው ሁለት ጫፎች ሰሜንን የሚያመለክተው የትኛው እንደ ሆነ ዘንግቶታል። መንገድ መሪያችን ስቀው፣ «ተቀመጡ፤ ጉሙ ይገለጣል» አሉን። እንዳሉትም ሆነ።

ይህን የምጽፈው ለማሳቅ አይደለም። በዚያ አገር ትልቁ ገደል በአብዛኛው ያለው በሰሜን በኩል ነውና ሰሜንን መሳሳት መንገድ ከመሳት የከፋ ነው።

«መሪ እያለ ኮምፓስ ምን ይሠራል?» የሚሉ ጓደኞች አሉ። በእርግጥ መርፌ ገደልን አያሳይም፤ የወንዝ መሻገሪያም አይናገርም። ይህን የሚያውቀው የአገሩ ሰው ነው። ነገር ግን የዕፀዋት ወይም የድንጋይ ናሙና ያገኘበትን ስፍራ በካርታ ላይ ለማስፈር የሚሻ ተማሪ አቅጣጫ መለካት ካላወቀ ድካሙ ከንቱ ነው።

ትምህርቱም ከባድ አይደለም። ኮምፓሱን ከስልክ፣ ከቢላዋና ከማናቸውም ብረት አርቆ፣ ሳያዘነብሉ መያዝ ነው። የስሜን ተራሮች ከእሳተ ገሞራ በወጣ ባዛልት የተሠሩ ስለ ሆኑ በድንጋዩ ውስጥ ያለው የብረት ማዕድን መርፌውን ሊያስተው ይችላል፤ ስለዚህ ከዓለቱ ራቅ ብሎ በሁለት በሦስት ቦታ መለካት ይገባል። ደግሞም መርፌው የሚያሳየው ሰሜን በዚያ አካባቢ ከካርታው ሰሜን 3 ዲግሪ ያህል ወደ ምሥራቅ ይርቃል። ጥቂት ይመስላል፤ ዳሩ ግን በ5 ኪሎ ሜትር ጉዞ ከ250 ሜትር በላይ ያሳስታል።

ይህ ዕውቀት ለአገራችን እንግዳ አይደለም። አዲስ አበባ ለምድር የማግኔት ወገብ ቅርብ በመሆኗ፣ እ.ኤ.አ. በ1957–58 ከተካሄደው ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ጋር ተያይዞ በዚያን ጊዜው የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ተቋቁሞ የምድርን ማግኔት መለካት ጀምሯል።

እንግዲህ ማኅበራችን ከየመስክ ጉዞው በፊት የግማሽ ቀን ልምምድ እንዲያዘጋጅ፣ መምህራኖቻችንም እንዲረዱን እጠይቃለሁ። በግቢያችን ሜዳ ላይ ተሳስተን ቢሳቅብን ይሻላል፤ በገደል አፋፍ ላይ የሚሠራ ስሕተት እርማት የለውም።