«አልበላም!» ሁልጊዜ ቅብጠት ነው እንዴ?

እስቲ እንጠያየቅ። በልጅነታችን አፍንጫችንን ተይዘን ያልጎረስን፣ «ዋጥ አድርግ!» ተብለን ያላለቀስን ስንቶቻችን ነን? ዛሬ እየሳቅን እናወራዋለን። መዋጥ የምሩን የሚያመው ልጅስ?

አዎ፣ እንዲህ ያለ በሽታ አለ። ሐኪሞች «ኢዮሲኖፊሊክ ኢሶፋጃይተስ» ይሉታል። በእኛ ቋንቋ የምግብ ቧንቧ አለርጂ ልንለው እንችላለን። ልጁ የማይስማማውን ምግብ ሲበላ ኢዮሲኖፊል የተባሉ ነጭ የደም ሴሎች በቧንቧው ግድግዳ ላይ ይከማቻሉ። ቧንቧው ይቆጣል፤ ሳይታከም ከቆየም ሊጠብ ይችላል። ሕፃኑ ያስመልሰዋል፣ ምግብ ይሸሻል፣ ክብደት አይጨምርም። ከፍ ያለውን ሥጋና ዳቦ ያንቀዋል፤ ጉርሻውን ሁሉ በውኃ ያወርዳል፤ ከገበታ የሚነሳውም መጨረሻ ነው።

እኛስ ምን እንላለን? «ቀብጦ ነው!» «ዓይን በልቶት ነው!» ይባስ ብሎ «እንጥሉ ወርዶ ነው» ይባልና በምላጭ የሚቆረጥ ልጅ አለ። ደም መፍሰሱና ኢንፌክሽኑ ሳያንስ ሕመሙ እዚያው ቧንቧው ውስጥ ይቀራል።

በሐኪሞች ዘንድም ቢሆን በሽታው ከጨጓራ አሲድ ጋር ሲምታታ ኖሯል። ራሱን የቻለ በሽታ መሆኑ የታወቀው በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው። በ1995 በአሜሪካ ባልቲሞር የአሲድ ሕክምና ያልፈወሳቸው 10 ልጆች የተለመደውን ምግብ ትተው ከአሚኖ አሲድ የተሠራ ልዩ ምግብ ሲጀምሩ ወይ ዳኑ ወይ ተሻላቸው። ጥፋቱ የልጆቹ ሳይሆን የምግቡ ነበር!

በሽታው የሚረጋገጠው በኢንዶስኮፒ ናሙና ተወስዶ ነው። በብዛት የሚያስነሱት ወተት፣ ስንዴ፣ እንቁላል፣ አኩሪ አተር፣ ለውዝና የባሕር ምግቦች ናቸው፤ ወተት ግንባር ቀደም ነው። ሕክምናው በሐኪም ክትትል ምግቡን መተው፣ አሲድ የሚቀንስ መድኃኒት ወይም የሚዋጥ ስቴሮይድ ነው። በ2024 ደግሞ ዱፒሉማብ የተባለው መርፌ ከ1 ዓመት ጀምሮ ቢያንስ 15 ኪሎ ለሚመዝኑ ልጆች በአሜሪካ ተፈቅዷል።

ኢንዶስኮፒ በየጤና ጣቢያው እንደማይገኝ እናውቃለን። ምግብ እምቢ ያለ ልጅ ሁሉ ይህ በሽታ አለበት እያልንም አይደለም። ወተቱን በራሳችን ውሳኔ እንከልክልም አላልንም። ነገር ግን «የቱ ጋ ነው የሚያምህ?» ብሎ መጠየቅ ገንዘብ አይፈልግም። ምላጩን ትቶ ሐኪም ዘንድ መሄድም እንዲሁ የሁላችን ድርሻ ነው። ነገ ወላጆች የምንሆነው እኛው ነን። ጉርሻ ፍቅር ነው እንላለን አይደል? እንግዲያው በግድ አይሁን!