ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን፤ ቤተሰብን ይዞ መሄድ ይገባልን?

መሄድ ይገባል የሚሉት መምህርት

ልጅ የወለደ ሰው ከደመወዝም ከቤት ኪራይም አስቀድሞ ሊመረምረው የሚገባ አንድ ነገር ቢኖር፣ ልጄን ከእኔ ጋር ማን ያሳድግልኛል የሚለው ጥያቄ ነው፤ አዲስ አበባ ለዚህ ጥያቄ የምትሰጠው መልስ ከዓመት ወደ ዓመት እየመነመነ መሄዱን፣ በዚያች ከተማ አስተምሬ፣ በዚያችም ከተማ ልጆች ወልጄ አይቻለሁና፣ የምናገረው በኅሊናዬ ምስክርነት ነው።

ከተማሪዎቼ አንዱ ወላጆቹ በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ተከራይተው የሚኖሩ ልጅ ነበር፤ ከትምህርት ቤት በሰርቪስ ከተመለሰ በኋላ እናትና አባቱ ከሥራ እስኪመጡ ድረስ ቁልፉን በአንገቱ አንጠልጥሎ፣ በሩን ከውስጥ ቆልፎ ብቻውን ይቀመጣል። አንድ ቀን ስለ ጎረቤታችሁ ጻፉ ብዬ ክፍሉን ባዘዝሁ ጊዜ ይህ ልጅ ባዶ ወረቀት መለሰልኝ፤ ስለ ምን እንዳልጻፈ ብጠይቀው በትሕትና አቀርቅሮ «በራቸው ሁልጊዜ ዝግ ነው፣ ቲቸር» አለኝ። ወላጆቹን አልወቅስም። ከኮዬ ፈጬ ወይም ከቦሌ አራብሳ ተነሥቶ መሐል ከተማ ለመግባት ጎሕ ሳይቀድ የሚወጣ፣ ማታም በታክሲ ሰልፍ ቆሞ የሚያመሽ አባት ልጁን ተኝቶ ትቶት ይሄዳል፣ ተኝቶም ያገኘዋል፤ የዚህን አባት ድካም ያየ ሰው በእርሱ ላይ ቃል ሊናገር አይችልም።

ይህን ሁሉ መዝነን እኔና ባለቤቴ ልጆቻችንን ይዘን ወደ ደብረ ብርሃን ሄድን። ከተማዪቱ፣ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሰማይ ታየ ስለ ተባለው ብርሃን የቆረቆሯት፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ናትና፣ የታኅሣሥ ውርጯ ለእንግዳ ሰው ጨካኝ ነው፤ ጋቢ ደርበን ለመድነው። በመጀመሪያው ክረምት ታናሹን ልጄን ሱቅ ልኬው ሳለ፣ በመንገድ ላይ ድንጋይ ሲወረውር ያገኙት የማላውቃቸው አንድ ሽማግሌ «የማን ልጅ ነህ?» ብለው እጁን ይዘው እስከ በራችን አመጡት፤ ቡና ተፈልቶ እስኪወርድ ተቀምጠው ልጁን መከሩት፣ እኔንም «ልጅ እንዲህ በመንገድ አይለቀቅም» ብለው ገሠጹኝ፤ መርቀውንም ሄዱ። እኒህን ሰው ማንም አልከፈላቸውም፣ ማንም አላዘዛቸውም። ግብረ ገብን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌ ለብዙ ዓመት ሳስተምር ኖሬአለሁ፤ ልጅ በልቡ የሚተክለው ግን፣ በአደባባይ ቢያጠፋ የሚገሥጸው፣ ቢወድቅም የሚያነሣው ሰው በየመንገዱ መኖሩን ሲያውቅ ነው።

በአዲስ አበባም ጎረቤት ነበረ፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ፣ በተከታዩም ዓመት ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ሲፈርሱ፣ አብረው ሲያለቅሱና አብረው ሲደሰቱ የኖሩ ቤተሰቦች በከተማዪቱ ዳር ወዳሉ ልዩ ልዩ ሰፈሮች ተበታተኑ፤ እድሩና የጽዋ ማኅበሩም አብሮአቸው ተበተነ። እንግዲህ ቆዩ የሚሉን ሰዎች፣ ከየትኛው ጎረቤት ጋር ቆዩ ማለታቸው ነው? ዕቃው መጫኑ ካልቀረ፣ 130 ኪሎ ሜትር ተጭኖ ሰው ከሰው ጋር ወደሚኖርበት አገር ቢደርስ ምን ጉዳት አለው?

መቆየት ይሻላል የሚሉት የስታቲስቲክስ ባለሙያ

የእኅቴን ጽሑፍ በአክብሮት አንብቤአለሁ፤ የናፍቆት ቃል ሁልጊዜ ለጆሮ ይጣፍጣል፤ ቤተሰቡን ነቅሎ ለሚሄድ ሰው የሚያስፈልገው ግን ሒሳብ ነው።

በግንቦት 1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ቤት ቆጠራ አዲስ አበባ 2,739,551፣ ደብረ ብርሃንም 65,231 ነዋሪዎች ነበሩአቸው፤ ትልቂቱ የትንሿን 42 እጥፍ ትሆን ነበር ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ ስላልተካሄደ በዚሁ ለመመራት እንገደዳለን። ይህ ልዩነት በተግባር ሲተረጎም የሥራ በር ብዛት ነው፤ ደብረ ብርሃን የብርድ ልብስና የቢራ ፋብሪካ፣ የኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮም ዩኒቨርሲቲ ያላት ከተማ ብትሆንም፣ ባል ሥራ ባገኘባት ከተማ ሚስትም በሙያዋ ሥራ እንድታገኝ፣ አንዱ በር ቢዘጋም ሌላ በር እንዲያንኳኩ የምትፈቅደው ብዙ መሥሪያ ቤት ያለባት ከተማ ናት። እኅቴ ስለ ልጆቻቸው ሲነግሩን፣ ደመወዝ የሚያመጣው ማን እንደ ሆነ ሳይነግሩን አልፈዋል።

ወደ ጤና እንምጣ። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያስረዳው፣ በአዲስ አበባ ከ100 ወሊድ 97ቱ በጤና ተቋም ውስጥ ሲፈጸሙ፣ ደብረ ብርሃን ባለችበት በአማራ ክልል በጤና ተቋም የተፈጸሙት 27 ብቻ ነበሩ፤ በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናትም 5 ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱት በአዲስ አበባ 39፣ በአማራ ክልል 85 ነበሩ። የክልሉ ቁጥር ገጠሩን የሚያጠቃልል መሆኑን፣ ደብረ ብርሃንም የራሷ ሪፈራል ሆስፒታል እንዳላት አውቃለሁና፣ ቁጥሩን በከተማዪቱ ላይ እንዳለ አልጭንም። ነገር ግን በሽታው ሲከፋ ሐኪሙ የሚጽፈው የሪፈር ወረቀት ወደ አዲስ አበባ የሚያመለክት ነው፤ የካንሰር የጨረር ሕክምና እንኳ ለብዙ ዘመን በአገሪቱ ሁሉ የሚሰጠው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ያ 130 ኪሎ ሜትርም ሰላም በሆነ ቀን የጥቂት ሰዓት ጉዞ ነው፤ በጸጥታ ምክንያት መንገድ በሚዘጋበት ቀን፣ በጀርባዋ ሕፃን አዝላ መናኸሪያ ለቆመች እናት ግን ከ1,000 ኪሎ ሜትር አይለይም።

አንድ ነገር ልጨምር። ደብረ ብርሃን በጥቅምት 1987 ዓ.ም. ቆጠራ 38,717 ሰዎች ነበሩባት፤ በ12 ዓመት ተኩል ውስጥ ሕዝቧ በመቶ 68 ሲጨምር፣ አዲስ አበባ በዚያው ጊዜ በመቶ 30 ገደማ ብቻ ጨምራለች። ስለዚህ ሰው ትንሽ ናት ብሎ የሚሄድባት ከተማ፣ ልጁ ጎልማሳ ሳይሆን ትንሽነቷ የሚያልቅ ከተማ ናት።

የመምህርቷ መልስ

ወንድሜ የጻፍሁትን «ናፍቆት» ብለው ጠሩት። እኔ የተወለድሁት ጉለሌ ነው፤ አያቴም የተቀበረችው እዚያው ነው፤ ናፍቆት ቢኖርብኝ የሚጎትተኝ ወደ ጉለሌ እንጂ አንድም ዘመድ ወደሌለኝ ወደ ደብረ ብርሃን ባልሆነ ነበር። አንዲት እናት ስለ ልጆችዋ ምግባር ስትናገር ናፍቆት፣ አንድ ባለሙያ ስለ ፋብሪካ ሲናገር ሒሳብ የሚባልበት ልማድ ከቶ ከየት መጣ? እኔም ቆጥሬአለሁ፤ የቆጠርሁት በሳምንት ውስጥ አባት ከልጁ ጋር ራት የሚበላበትን ቀን ነው፤ ይህም በማንኛውም የቆጠራ መዝገብ ላይ ዓምድ አልተሰጠውም። ስለ ደመወዝ ለጠየቁኝ፣ እዚህም የማስተምር መምህርት ነኝ፤ ባለቤቴም ሠራተኛ ነው፤ የምናገኘው ከቀድሞው ያነሰ ነው፤ እየበላንም እየኖርንም ነው። ልጅ ያለ ታዛቢና ያለ ገሣጭ ቢያድግ፣ በጥቁር አንበሳ በር ላይ መኖሩ ምን ይረባዋል?

የባለሙያው መልስ

ከእኅቴ ጽሑፍ እጅግ ያሳሰበኝ፣ በምስጋና ያነሡት «የማን ልጅ ነህ?» የሚለው ጥያቄ ነው። የእርሳቸው ልጅ ለዚህ ጥያቄ የሚመልሰው መልስ አለው፤ አባቱም እናቱም በሥርዓተ ተክሊል ወይም በሕግ ተጋብተው፣ አንዱ በመሥሪያ ቤት፣ አንዷ በትምህርት ቤት የታወቁ ሰዎች ናቸው። ባልዋ ጥሎአት የሄደ እናት ልጅ፣ ወይም ስሙና የአነጋገሩ ዘዬ ከሌላ አገር መምጣቱን የሚያጋልጥበት ልጅ፣ ያንኑ ጥያቄ በየመንገዱ ሲጠየቅ የሚሰማው ምን እንደ ሆነ እኅቴ ጠይቀውት ያውቃሉን? እኔ እንዲህ ያለ ልጅ ነበርሁ፤ እናቴ ከአንዲት ትንሽ ከተማ ወደ አዲስ አበባ ያመጣችኝ በዚህ ምክንያት ነው። ማንም የማይጠይቀን ቀበሌ ስንደርስ እናቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ ስትሄድ አየኋት፤ ለዚያች ሴት ዝግ በር ዕረፍት ነበረ።

ስለ ራቱ ማዕድ የጻፉት እውነት ነው፣ አልከራከረውም። ነገር ግን አንድ ቤተሰብ በዚህ ሙግት ተመርቶ ዕቃውን ከመጫኑ በፊት፣ የባልም የሚስትም የቅጥር ደብዳቤ በእጅ ይሁን፤ ለ20/80 ወይም ለ40/60 የኮንዶሚኒየም ቤት ሲቆጥቡ የኖሩት ገንዘብ ካለ ምዝገባው አይሰረዝ፤ ከልጆቹ አንዱ የሕክምና ክትትል ያለው ከሆነ፣ ሐኪሙ ክትትሉን በደብረ ብርሃን መቀጠል ይቻላል ብሎ በጽሑፍ ይስጥ። ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱ የጎደለበት ቤተሰብ፣ የሽማግሌው ምክር ምንም ያህል መልካም ቢሆን፣ ባለበት ይቆይ እላለሁ።