ሆድ ይናገራል፣ ደም ሥር ዝም ይላል

አክስቴ ደም ብዛቷን የምትለካው በማጅራቷ ነው። «ሲነሳብኝ እዚህ ጋ ይይዘኛል» ትላለች። ካልያዛት ኪኒኑን ትተወዋለች፤ ሽሮው ላይም ጨው ጣል ታደርጋለች። አንድ ቀን እየሳቀች ቡና ስታፈላ ነርስ የሆነች የጎረቤት ልጅ መለኪያውን ክንዷ ላይ ጠመጠመችላት። 180 በ110። አክስቴ የተጠራጠረችው መሣሪያውን ነው። «ምንም አላመመኝም እኮ!»

አልፈርድባትም። የአመጋገብ ምክር ሲገለባበጥ ያየ ሰው በገዛ ሰውነቱ ቢተማመን ምን ይገርማል? የአሜሪካ የልብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1968 በሳምንት ከሦስት በላይ የእንቁላል አስኳል አትብሉ አለ። የአገሪቱ የአመጋገብ መመሪያም ለዓመታት ከምግብ የሚገኘው ኮሌስትሮል በቀን ከ300 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ሲያስጠነቅቅ ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. ከ2015 እስከ 2020 ባገለገለው እትሙ ይህን ቁጥር አነሳው። ቅቤ ለልብ አይበጅም ተብሎ ስንቱ ወደ ማርጋሪን ዞረ፤ ኋላ ላይ ዘይቱን ለማርጋት የሚደረገው ሥራ የሚፈጥረው ትራንስ ፋት ከቅቤው የባሰ ሆኖ ተገኘ።

ሰውነትም ቢሆን ብዙ ጊዜ እውነቱን ነው። «ወተት አይስማማኝም» የሚል ሰው ቀበጥ ይመስለን ነበር። ዳሩ ግን ከዓለም አዋቂዎች ሁለት ሦስተኛ ያህሉ የወተትን ስኳር የመፍጨት አቅማቸው ከልጅነታቸው በኋላ ይቀንሳል። ሆዱ እየተነፋ «ወተት ለአጥንት ጥሩ ነው» ስለተባለ ብቻ የሚጠጣ ሰው ራሱን በከንቱ ይቀጣል። «ይስማማኛል፣ አይስማማኝም» የሚለው አነጋገራችን ትልቅ እውቀት የያዘ ነው፤ መመሪያ የሚጻፈው ለብዙኃኑ ሲሆን፣ ሆድ የሚናገረው ስለ ባለቤቱ ነው።

ችግሩ የሚመጣው ሆድን ባላየው ነገር ላይ ምስክር ስናደርገው ነው። ሆድ ዛሬ ስለበላነው እንጂ ሃያ ዓመት በደም ሥር ውስጥ ስለተጠራቀመው አያውቅም። ደም ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ምልክት የለውም፤ ስኳርም ለዓመታት ድምፁን አጥፍቶ ሊኖር ይችላል። ሰውነት መጮኽ የሚጀምረው ስትሮክ ከጣለ ወይም ኩላሊት ከደከመ በኋላ ሲሆን፣ ነገሩ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይሆናል። ምላስማ ከነጭራሹ አይታመንም፤ የሚጠይቀው የለመደውን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ5 ግራም ያነሰ፣ ማለትም አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ጨው ይመክራል። መጀመሪያ ወጡ አልጫ አልጫ ይላል። ጥቂት ሳምንታት የታገሰ ሰው ግን የድሮው ወጥ ጨው ይበዛበታል። ታዲያ «ሰውነቴ ጨው ፈለገ» ያልነው ሰውነት ነበር ወይስ ልማድ?

ስለ ምክሩ መቀያየርም አንድ ነገር እንዘነጋለን። ማርጋሪን የበላ ሰው ሆዱን አላመመውም፤ እንዲያውም ጣፍጦታል። ጉዳቱ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1990 የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች የሰዎችን ደም መርምረው ትራንስ ፋት መጥፎውን ኮሌስትሮል ከፍ፣ ጥሩውን ዝቅ እንደሚያደርግ ሲያሳዩ ነው። የቀደመውን ምክር ስህተት ያጋለጠው የማንም ስሜት አይደለም፤ ልኬት ነው። ደግሞም የተገለባበጠው ስለ አንድ አስኳልና ስለ አንድ ቅባት የተባለው ነው። ጥራጥሬና አትክልት አብዙ፣ ጨውና ስኳር ቀንሱ የሚለው ለአሥርተ ዓመታት ከቦታው አልተነቃነቀም።

ስለዚህ ሥራውን እናከፋፍላቸው። የሚስማማንና የማይስማማንን፣ የጠገብንበትንና የከበደንን ሆዳችን ይንገረን። ወተቱ ከነፋዎት ይተዉት፣ ማንንም ማስፈቀድ የለብዎትም። ደም ግፊትዎን ግን ማጅራትዎን አይጠይቁት። ደህና ነኝ ባሉበት ቀን፣ ምንም ሳያምዎት፣ ጤና ጣቢያ ጎራ ብለው ክንድዎን ይስጡ።