መደበቅ ለጨዋታ ነው

ከክፍል መልስ ሳን ፓብሎ ቤቴ ቁጭ ብዬ የምጫወተው «ሻዶ ታክቲክስ»ን ነው። የጀርመኑ ሚሚሚ እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው ሲሆን፣ በኤዶ ዘመን ጃፓን አምስት ሰዎችን ይዞ ጠላት ሳያይ ማለፍን ይጠይቃል። አብሮኝ የሚኖረው ጓደኛዬ «በየደቂቃው ሴቭ ማድረግ ማጭበርበር ነው» ይለኛል። አልስማማም፤ ሴቭ ሳታደርጉ ከቆያችሁ ጨዋታው ራሱ ያስታውሳችኋል።

ለጀማሪዎች የምመክረው ይህን ነው። ከመንቀሳቀሳችሁ በፊት ዘቡ የሚያየውን ቦታ አጥኑ። አረንጓዴው ድፍን በሆነበት ብታጎነብሱም ያያችኋል፤ መስመር መስመር በሆነበት ግን ካጎነበሳችሁ አያያችሁም። ብቻውን ከቆመው ጀምሩ። ሬሳ ሳትደብቁ አትለፉ። ሁለት ዘቦች የሚተያዩ ከሆነ፣ የሁለት ሰዎቻችሁን እርምጃ አስቀድማችሁ አዘጋጁና በአንድ ጊዜ አስፈጽሙ።

አንድ ነገር ግን ልናዘዝ። ባለፈው ሴሚስተር ይህንኑ መደበቅ ይዤ ሂሳብ ክፍል ገባሁ። በአነጋገሬ እንዳይስቁብኝ ብዬ ኋላ ተቀምጬ፣ አንድም ጥያቄ ሳልጠይቅ ወደቅሁ። እዚያ ሴቭ የለም፤ እንደገና መጀመርም ገንዘብ ያስከፍላል። አዲስ የመጣችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ከዘብ ተደበቁ፤ ከመምህር ግን አትደበቁ። እኔ ዘንድሮ ፊት ወንበር ላይ ነኝ።