ከዩኒቨርሲቲው ስም በፊት የአማካሪውን ስም

ጥቅምት ሲገባ የሪኮመንዴሽን ደብዳቤ ፈላጊው ይበዛል። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የዶክትሬት ማመልከቻ አብዛኛውን ጊዜ የሚዘጋው በኅዳር መጨረሻና በታኅሣሥ ስለሆነ፣ በፊዚክስ ተመርቀው በሥነ ፈለክና በአስትሮፊዚክስ መቀጠል የሚሹ ልጆች በዚህ ሰሞን ላይ ታች ይላሉ። ፊዚክስ አስተማሪ በመሆኔ ወደ እኔም ይመጣሉ። ጥያቄያቸው ሁሌም አንድ ነው፦ «መምህር፣ የቱ ዩኒቨርሲቲ ይሻላል?» «ምን ለመሥራት?» ብዬ ስመልስላቸው ብዙዎቹ ዝም ይላሉ።

በልጆቹ አልፈርድም። እኛ አገር ትምህርት ቤት የሚመረጠው በስም ነው። ዘመድ አዝማድ «የት ገባ?» ብሎ ሲጠይቅ ሃርቫርድ ቢባል እልል ይላል፤ አሪዞና ቢባል «እሱ ደግሞ የት ነው?» ይላል። በሙያው ውስጥ ግን አሪዞና ትልቅ ስም ነው። ዩኒቨርሲቲው የራሱ ቴሌስኮፖች አሉት፤ ግዙፍ የቴሌስኮፕ መስታወት የሚሠራበት ወርክሾፕም አለው፣ ያውም በእግር ኳስ ስታዲየሙ ሥር (የእነሱ እግር ኳስ በእጅ የሚያዘው ነው)። የኔዘርላንዱ ላይደንም እንዲሁ ነው። ለብዙ ሰው ስሙ እንግዳ ይሁን እንጂ የሰማይ መመልከቻው ከ1633 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ።

ሥነ ፈለክ አንድ ሥራ አይደለም። አንዱ የጋላክሲዎችን አፈጣጠር በኮምፒውተር ሲያስመስል ይውላል፤ ዕድሜ ልኩን በቴሌስኮፕ ሳያይ ጡረታ ቢወጣ አይገርምም። ሌላው ብርሃን መቀበያ መሣሪያ ሲፈታና ሲገጥም ያመሻል። ሌላው ከሬዲዮ ቴሌስኮፕ የመጣ የመረጃ ክምር ያበጥራል። በአንዱ አንደኛ የሆነ ዩኒቨርሲቲ በሌላው አንድ ሰው እንኳ ላይኖረው ይችላል። በደረጃ ሰንጠረዥ ላይ ያለችው ቁጥር ይህን ሁሉ አትናገርም።

ስለዚህ እኔ የምለው፣ መጀመሪያ ሰው ፈልጉ። አርካይቭ የሚባለው የምርምር ጽሑፎች ድረ ገጽና የናሳ የአስትሮፊዚክስ መረጃ ቋት ለማንም በነፃ ክፍት ናቸው። የፕሮፌሰሩን ስም ጽፋችሁ ያለፉትን አምስት ዓመታት ሥራዎች እዩ። በዚህ ሙያ ዋናውን ሥራ የሠራው ሰው ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያ ስም ይጻፋል። የተማሪዎቹ ስም ደጋግሞ ከፊት የሚመጣ ከሆነ፣ እዚያ ቤት ተማሪ ያድጋል ማለት ነው። አምስት ዓመት ሙሉ አንድም ተማሪ ከፊት ካልታየ ለምን እንደሆነ ጠይቁ።

ቀጥሎ እዚያ ያሉትን ተማሪዎች አነጋግሩ፤ ከተቻለ በስልክ። በኢሜይል ሁሉም ሰው ጨዋ ነው። ረቂቅ ስትልኩለት በስንት ጊዜ ይመልሳል? ከእሱ ጋር ጀምሮ ያቋረጠ አለ? የጨረሱትስ አሁን የት ናቸው? ሰውዬው «እ...» ብሎ የሚዘገይባት ቦታ ላይ መልሱ አለ። እንዲህ መጠየቅ ድፍረት የሚመስላቸው ልጆች አሉ። ድፍረት አይደለም።

አንድ አማካሪ ብቻ አይታችሁም አትሂዱ፤ አብራችሁ ልትሠሩ የምትችሉ ቢያንስ ሦስት ሰው ይኑር። አንድ ያስተማርኩት ጎበዝ ልጅ ስመ ጥር ዩኒቨርሲቲ ገብቶ፣ በሦስተኛው ዓመት አማካሪው ሥራ ቀይሮ ሄደበት። በክፍሉ በዚያ ዘርፍ የሚሠራ ሌላ ሰው አልነበረም። ማስተርሱን ይዞ ወጣ። ለአገሬው ተማሪም ቢሆን ከባድ ነው፤ የእኛ ልጅ ግን ቪዛው ከትምህርቱ ጋር የታሰረ ስለሆነ ትንፋሽ መውሰጃ እንኳ የለውም።

የገንዘቡን ነገር አጭር ላድርገው። በአሜሪካ የሥነ ፈለክ ዶክትሬት በተለመደው አሠራር ከኪስ አይከፈልበትም፤ ክፍያው ተሸፍኖ በረዳት አስተማሪነት ወይም በረዳት ተመራማሪነት አበል ይሰጣል። ማስተርስ ሳይኖር ከመጀመሪያ ዲግሪ ቀጥታ መግባትም ይቻላል፤ አምስት ስድስት ዓመት ይፈጃል። ኔዘርላንድስና ስዊድን የዶክትሬት ተማሪን ቀጥረው ደመወዝ ይከፍሉታል፤ በአብዛኛው ግን ማስተርስ ይጠይቃሉ። «ተቀብለንሃል» ብሎ ስለ ገንዘብ ዝም የሚል ደብዳቤ ከመጣ የቤተሰብ ቤት አታሽጡ። ለማመልከቻው ራሱ ዶላር ማግኘት ፈተና ነውና፣ ክፍያው እንዲነሳላችሁ ቀድማችሁ ጻፉላቸው። የሚያነሱ ብዙ ናቸው።

ልጆቻችን ለምን ደቡብ አፍሪካን እንደሚዘሏት ግን አይገባኝም። ሰዘርላንድ ላይ ሳልት የተባለው ትልቅ ቴሌስኮፕ አለ። ካሩ በረሃ ላይ 64 ሳህኖች ያሉት ሚርካት ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እየሠራ ነው፤ እሱም 197 ሳህን የሚኖረው የስኩዌር ኪሎሜትር አሬይ አካል ይሆናል። (ጎረቤታችን ኬንያ ከፕሮጀክቱ የአፍሪካ አጋሮች አንዷ ናት፤ እኛ የለንበትም።) ኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ ያለው ናስፕ የተባለ ፕሮግራም ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች የመጡ ተማሪዎችንም ለማስተርስ ያስተምራል። ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ መሠረቱ ለሳሳ ተማሪ፣ ዘሎ አውሮፓ ከመግባት ይህ መንገድ ይሻላል ባይ ነኝ።

ለመመለስ የሚያስብ ደግሞ የምርምር ርዕሱን ሲመርጥ ይህንኑ ያስብ። የጋያ ሳተላይት የለካቸው ከአንድ ቢሊዮን በላይ ከዋክብት መረጃ ለሁሉም ክፍት ነው፤ የጄምስ ዌብም መረጃ ቢዘገይ በአንድ ዓመት ውስጥ ይለቀቃል። ይህን መተንተን የተማረ ሰው ኢንተርኔት እስካለ ድረስ ጅማም ሆኖ ይሠራል። አሥር ሜትር ቴሌስኮፕ ላይ ብቻ የሚገጠም መሣሪያ የተማረ ግን እዚህ ሲመጣ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። 3,200 ሜትር ግድም ከፍታ ያለው እንጦጦ ላይ ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ የአንድ ሜትር መስታወት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች አሉን። የከተማው መብራት ከታች፣ የክረምቱ ደመና ከላይ ያስቸግራቸዋል፤ ትንሽም ናቸው። ሆኖም ብርሃናቸው ከፍ ዝቅ የሚል ከዋክብትን በየሌሊቱ መከታተል፣ ፕላኔት በኮከቧ ፊት ስታልፍ የሚቀንሰውን ብርሃን መለካት በአንድ ሜትር ቴሌስኮፕ የሚሠራ ሥራ ነው። በዚህ የሠለጠነ ተመላሽ በመጣ ማግሥት ተማሪ ይዞ ሥራ መጀመር ይችላል።