ትራክተሩን ማን ይፈታዋል?

ኩታበር ላይ የአንድ ገበሬ ሞፈር ቢሰበር ወሬም አይሆንም። እንጨት ቆርጦ፣ ጠርቦ ይተካዋል። ማረሻው ከዶለዶመም የሚስለው ሰው ከመንደር አይጠፋም። ትራክተርን ግን አንዲት የጎማ ቀለበት ታቆመዋለች።

ስሟ ኦይል ሲል ነው። ሥራዋ በሚሽከረከር ዘንግ ዙሪያ ዘይት እንዳያመልጥ መያዝ ነው። ከሞተሩ ጀርባ ያለችው ካፈሰሰች ዘይቱ ፍሪሲዮኑን ሊያርሰው ይችላል። ፍሪሲዮን ዘይት ከነካው ይንሸራተታል፤ ትራክተሩ ያጓራል እንጂ አይጎትትም። እሷን ለመቀየር ደግሞ በብዙዎቹ ትራክተሮች ሞተሩን ከካምቢዮው ለይቶ ማሽኑን ለሁለት መክፈል ግድ ነው። ዕቃዋ ርካሽ፣ ጣጣዋ ውድ!

አዲስ መግጠም ብቻውንም አይበቃም። አሮጌዋ ዘንጉን ቦርቡራው ከሆነ፣ ወይም የመተንፈሻው ቀዳዳ በጭቃ ተደፍኖ ከሆነ፣ አዲሷም ታፈሳለች። ይህን አይቶ የሚለይ መካኒክ ያስፈልጋል።

አዳማ ላይ ትራክተር መገጣጠም የጀመርነው በደርግ ዘመን ነው። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ የእርሻ ማሽኖች ከቀረጥ ነፃ እንዲገቡ ተፈቀደ። ጥሩ ነው። ማስገባቱንም መገጣጠሙንም ሞክረነዋል። ያነሰን መፍታቱ ነው። በእኔ እምነት፣ አንድ ወረዳ ትራክተር ሲገዛ የመለዋወጫ ሳጥንና የሠለጠነ ልጅ አብሮ ካልገዛ፣ የገዛው ሐውልት ነው።

የኩታበር ተዳፋት እስካሁን በሬን ቢመርጥ አልፈርድበትም። በሬው ቢያንስ ክረምቱን ሙሉ መለዋወጫ አይጠብቅም። እናም ወዳጄ፣ በሚቀጥለው የቁልፍ ርክክብ ላይ ከጭብጨባው በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቅልኝ፦ ይቺ ቀለበት በሰኔ ብታፈስ፣ ማን ይፈታዋል?