ሮለሩ ከመዞሩ በፊት፦ ለአንጋፋ መካኒኮች የተጻፈ ማስጠንቀቂያ

በሙያው አብረን የሸበትን ወንድሞቼ፣ ጋራዥ ያላችሁም፣ በምርመራ ጣቢያ ወጣቶችን የምታሠሩም፣ ይህን ቃል ከልባችሁ ስሙኝ። በየዓመቱ ከቦሎ ጋር አብሮ የሚታደስ አንድ አደጋ አለ። አራቱም ጎማ ሁልጊዜ በሞተር የሚነዳለት መኪና ወደ ምርመራ ይገባል። ማንም ዓይነቱን ሳይጠይቅ፣ እንደማንኛውም የቤት መኪና መጀመሪያ የፊቱ ከዚያም የኋላው ጎማ የፍሬን መፈተሻው ሮለር ላይ ይወጣል። ከዚህ የሚመጣው ጉዳት ሁለት ነው። አንዱ የመኪናውን ኃይል ማስተላለፊያ ያበላሻል። ሌላው ከዚህ ይከፋል፤ የማይዝ ፍሬን ‘ደህና ነው’ ተብሎ እንዲያልፍ ያደርጋል።

ሮለሩ እንዴት እንደሚሠራ ከእናንተ የተሰወረ አይደለም፤ ነገሩ እንዲያያዝልኝ ብቻ ልድገመው። ጎማው በሁለት ሸካራ ሲሊንደሮች መካከል ይቀመጣል። ሲሊንደሮቹን የሚያዞራቸው የመሣሪያው የራሱ ኤሌክትሪክ ሞተር ነው፤ ፍጥነቱ ለትንንሽ መኪኖች በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሹፌሩ ፍሬን ሲረግጥ ጎማው ሮለሩን ይታገለዋል፤ መሣሪያው የሚለካው ያንን ትግል ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሌላው አክስል መሬት ላይ ቆሟል። በሁለት ጎማ ብቻ ለሚነዳ መኪና ይህ ምንም አያመጣም። የፊትና የኋላ አክስሉ ሁልጊዜ ለተያያዘ መኪና ግን፣ ጭቃ ውስጥ ካልተቀረቀረ በቀር መንገድ ላይ የማይገጥመው ሁኔታ ነው።

እኛ ያደግንበት ሕግ አጭር ነበር፤ ‘ወደ ሁለት ጎማ መልሰህ አውጣው’ የሚል። ለላንድክሩዘር 70፣ ለሃይሉክስ፣ ለአሮጌው ኒሳን ፓትሮል፣ ለአሮጌዋ ሱዙኪ ቪታራ ሕጉ ዛሬም ይሠራል። ማርሹ ወደ ቱ ኤች ሲመለስ የፊት አክስሉ ከኋላው ይላቀቃል። ይህን ሕግ ለሁሉም መኪና ብሎ ለልጆቹ የሚያወርስ ግን እሳት ያወርሳቸዋል። ላዳ ኒቫን አስታውሱ። ከ1977 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስትሠራ አራቱም ጎማዋ ሁልጊዜ በሞተር የሚነዳ ነው። ከማንሻዎቿ አንዷ የመካከሉን ዲፈረንሻል ትቆልፋለች፣ ትፈታለች፤ የፊት አክስሉን የምታላቅቅ ማንሻ የለቻትም። ፉል ታይም፣ ማለትም አራቱም ጎማው ሁልጊዜ የሚነዳ፣ ሆኖ የተሠራው ላንድክሩዘር 80ም ጠባዩ ይኸው ነው። በ1994 እ.ኤ.አ. የወጣው ባለ አራት ጎማ ራቭ ፎር፣ ካምቢዮው በእጅ የሆነው፣ የዲፈረንሻል መቆለፊያ ቁልፍ አለው፤ ወደ ሁለት ጎማ መመለሻ ግን የለውም። በ2000 እ.ኤ.አ. የተከተለው ደግሞ መቆለፊያውም ቀርቶ የመቆለፉ ሥራ ለቪስከስ ከፕሊንግ ተሰጠ። ሹፌሩ የሚነካው አንዳች ነገር ስለሌለ ወጣቱ ፈታኝ መኪናውን ባለ ሁለት ጎማ ይመስለዋል።

ቪስከስ ከፕሊንግ ከፍታችሁ ያያችሁ ምን እንደምል ታውቃላችሁ። የታሸገ ክብ ብረት ነው። ውስጡ ስስ ዲስኮች ተፈራርቀው ተደርድረዋል፤ ግማሾቹ ከአንዱ ዘንግ፣ ግማሾቹ ከሌላው ጋር የተያያዙ ናቸው። በመካከላቸው ወፍራም የሲሊኮን ፈሳሽ አለ። የፊትና የኋላው ፍጥነት ሲለያይ ፈሳሹ በዲስኮቹ መካከል እየተፈተገ ይሞቃል፣ ይለጠጣል፤ ግፊቱ ሲበረታ ዲስኮቹ ተጣብቀው ሁለቱን ዘንጎች እንደ አንድ ያዞራሉ። የተሠራው ጎማ ለአፍታ ሲንሸራተት ደርሶ እንዲይዝ ነው። አንዱ አክስል ቆሞ ሌላው ሳያቋርጥ ሲዞር፣ ፈታኙም ‘ቁጥሩ አልመጣም’ እያለ ሲደጋግመው፣ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ፈሳሹ ጠባዩን ይለውጣል፤ ጎሚኒው ይጎዳና ያልባል። ከዚያ በኋላ ከፕሊንጉ ወይ ጨርሶ አይዝም፣ ወይ ጨርሶ አይለቅም። የማይለቅ ከሆነ መኪናው አስፋልት ላይ በታጠፈ ቁጥር የፊቱና የኋላው ጎማ እርስ በርስ ይታገላሉ። ጎማው ይበላል፣ ክሮቼራው ይላላል፣ ጥርሱ ይሰበራል።

ሁሉም መኪና በአንድ ፈተና ይሰበራል አልልም። ፍጥነቱ ትንሽ፣ ጊዜውም አጭር ሲሆን ብዙዎቹ ችለውት ይወጣሉ። ያዘናጋንም ይኸው ነው።

የሰው ሕይወት ያለበትን ልንገራችሁ። ፓርት ታይም የሆነው፣ ማለትም ወደ ሁለት ጎማ የሚመለሰው መኪና ፎር ኤች ላይ ተረስቶ፣ ወይም የፉል ታይሙ የመካከል ዲፈረንሻል እንደተቆለፈ ሮለሩ ቢነሳ፣ የሚዞረው አክስል የቆመውን አስገድዶ ያዞረዋል። ያኔ ሁለት ቶን የሚመዝን መኪና ከሮለሩ ተስፈንጥሮ ሊወጣ ይችላል። ከመኪናው ፊትና ኋላ ማንም አይቁም። ጉድጓዱ ውስጥ ሰው ካለ ይውጣ።

እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን የሐሰት ውጤቱ ነው። ፔዳሉ ሲረገጥ የሚይዘው የአራቱም ጎማ ፍሬን ነው። አክስሎቹ ከተያያዙ፣ መሬት ላይ የቆመው አክስል በዘንጉ በኩል ሮለር ላይ ያለውን ያግዘዋል። ስለዚህ የፊት ፍሬን ሸራው ያለቀበት መኪና የኋላው ጉልበት ተደምሮለት ጥሩ ቁጥር ሊያወጣ ይችላል። ደህናው መኪና ደግሞ ግራና ቀኙ አይመጣጠንም ተብሎ ይወድቅና ባለቤቱ ያላረጀ ዕቃ ያስቀይራል። በሐሰት ቁጥር ያለፈው መኪና ቤተሰብ ጭኖ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል፤ ወይም ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና። ያን ቁልቁለት የወረደ ሹፌር ፍሬን ሲግል ምን እንደሚመስል ያውቃል። እዚያ ላይ ወረቀት ማንንም አያቆምም።

ይህ ጥፋት ከሳሽ የለውም። ሮለር ላይ የተጎዳ ከፕሊንግ የዚያኑ ቀን ብዙ ጊዜ ድምፅ አያሰማም። ከወራት በኋላ መኪናው ሲታጠፍ መጎተት፣ ከሥር መንኳኳት ይጀምራል። ባለቤቱ ወደ ጋራዥ ይዞት ይመጣል። ጥፋቱ በዘይቱ፣ በሹፌሩ ወይም በኮረኮንቹ ይሳበባል። ፈታኙ የሆነውን ሳይሰማ በማግሥቱ ሌላ መኪና ያወጣል። መሣሪያው ላይ የወጣው መኪና ምን እንደሆነ ሮለሩ አያውቅም፤ ፈታኙም የሚማርበት ማስረጃ አይደርሰውም። በሙቀት የጠቆረውን ዲስክ በእጁ ይዞ የሚያየው መካኒኩ ብቻ ነው። ያ መካኒክ እናንተ ናችሁ። እናንተ ካልተናገራችሁ የሚናገር የለም።

መፍትሔው ከአቅማችን በላይ አይደለም። መጀመሪያ መኪናው ሳይወጣ ይጠየቅ፦ ፓርት ታይም ነው ወይስ ፉል ታይም? ማንሻው ምን ላይ ነው? ከመኪናው ጋር የመጣው መጽሐፍ ምን ይላል? መጽሐፉ ሁለት ጎማ አንጠልጥሎ መጎተትን ከከለከለ ለሮለሩም ተጠንቀቁ፤ በአንድ አክስል መቆም በሌላው መዞር ያው አንድ ጉዳት ነው።

ከዚያ መሣሪያው ይመርመር። ለአራት ጎማ ነጂዎች የተለየ የአሠራር ስልት ያላቸው ሮለሮች አሉ። አንዱን ጎማ ወደፊት፣ ጓደኛውን በእኩል ፍጥነት ወደኋላ ያዞሩታል። የአክስሉ ዲፈረንሻል ሁለቱን ያቻችላቸውና ወደ ሌላው አክስል የሚሄደው ረጅም ዘንግ ሳይዞር ይቀራል። የሚለካው ወደፊት የሚዞረው ጎማ ነው፤ ቀጥሎ አቅጣጫው ይገለበጣል። መሣሪያችሁ ይህን የሚችል ከሆነ ተጠቀሙበት። ሊሚትድ ስሊፕ የሚባለው ዲፈረንሻል ባለበት አክስል ላይ ግን ይህም አይሠራም።

በብሪታንያ ኤም ኦ ቲ በሚባለው ዓመታዊ ምርመራ፣ አራት ጎማ ነጂነቱ የማይላቀቅ መኪና በተራ ሮለር አይፈተንም። ወይ አራቱም ጎማ አብረው እየተንከባለሉ ገብተው ፍሬን በሚያዝባቸው ሰሌዳዎች ላይ ይፈተናል፣ ወይ ዲሴሌሮሜትር የሚባለው መለኪያ ውስጡ ተቀምጦ ባዶና ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ይፈተናል። ሁለቱም መንገዶች ኃይል ማስተላለፊያውን አያስጨንቁም። የእኛ አዋጅ ቁጥር 681/2002ም ተሽከርካሪ ይመርመር ያለው ለመንገድ ብቁ መሆኑ እንዲታወቅ ነው፤ ምርመራው ራሱ መኪናውን ብቁ እንዳይሆን ካደረገው የአዋጁ ዓላማ ፈርሷል።

አሁን ደግሞ አዲስ ነገር በር ላይ ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ከተወሰነ ወዲህ ኤሌክትሪክ መኪናው በዝቷል። ከእነዚህም ከፊትም ከኋላም ሞተር ያላቸው አሉ። በመካከላቸው ዘንግ የለም፤ ነገር ግን ጎማው ሲዞር ሞተሩም ይዞራል፤ ከፔዳሉ ጀርባ ፍሬኑን ለሞተሩና ለሸራው የሚያካፍል ኮምፒውተር አለ። አንዱ አክስል ሲዞር ሌላው ሲቆም ያ ኮምፒውተር ምን እንደሚያደርግ በግምት የሚናገር ሰው አይኑር። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይላሉ አበው። የአምራቹ መመሪያ ይነበብ፤ መመሪያው ያልፈቀደው አይሞከር።

ስለዚህ አደራ እላችኋለሁ። የተቃጠለ ከፕሊንግ ስትፈቱ ለቁርጥራጭ ብረት ገዢ አትስጡት፤ በአቅራቢያችሁ ወዳለው የምርመራ ጣቢያ ወስዳችሁ ለወጣቶቹ አሳዩ። ፉል ታይም መኪና ላለው ደንበኛችሁ መኪናው ምን ዓይነት እንደሆነ በጽሑፍ ስጡት፤ ለምርመራ ሲሄድ ያሳይ። በጣቢያ ያላችሁ ደግሞ ‘ወረፋው በዛ’ የሚለውን ምክንያት አትቀበሉ። ጥያቄው የሚፈጀው ጊዜ ፈተናው ከሚፈጀው ያንሳል።

በምርመራ ወረቀት ላይ የሚያርፍ ፊርማ ምስክርነት ነው። ያልተለካን ፍሬን ተለክቷል ብሎ የፈረመ በሐሰት መስክሯል፤ እያወቀ ዝም ያለው ታላቁም ከዚያ ምስክርነት ድርሻ አለው።